ከኬላው ወዲያና ወዲህ

ሰንበቴ ገበያ ላይ ግመሉን ያሰረው አፋር፣ ቅቤዋን ያቀረበችው ኦሮሞ፣ ሸማውን የዘረጋው አርጎባና ጤፉን ጭኖ ከደጋ የወረደው አማራ በአለባበስ አይመሳሰሉም፤ አፋቸውን የፈቱበትም ቋንቋ የተለያየ ነው። ዋጋ ሲነጋገሩ ግን አንዱ የሌላውን ቋንቋ ለጉዳዩ የሚበቃውን ያህል ያውቃል። እሑድ እሑድ የሚቆመው ይህ ገበያ ቆላና ደጋ በሚገናኙበት ጠርዝ ላይ ስለተተከለ ማንም የእኔ ብቻ ሊለው አልቻለም። እዚህ ቆሞ ስለ መንግሥት የሚያስብ ሰው አራት ኪሎ ቆሞ ከሚያስበው የተለየ ነገር ያያል። ለአራት ኪሎው ሰው መንግሥት ወንበር ነው፤ ለሰንበቴው ነጋዴ ግን መንገድ ላይ የተወጠረ ገመድ ነው።

ነጋዴ ገመዱ ፊት ሲደርስ የሚያደርገው ይታወቃል። ይከፍላል። ካልሆነለት ይለምናል፣ አማላጅ ይልካል፣ ጉቦ ይሰጣል፣ በሌሊት በሌላ በኩል ይዞራል። ብልጥና ባለ ዘመድ ከሆነ ደግሞ ቀን ጠብቆ ገመዱን ራሱ ይይዛል። «ይህን ገመድ እዚህ እንድትወጥር ማን ፈቀደልህ?» ብሎ የጠየቀና ጥያቄውን እስከ ጦርነት ያደረሰ ነጋዴ ግን በዓለም ታሪክ ብዙ አይገኝም። ለምን? እኛ ዘንድስ ለምን አልተገኘም? ለጥያቄው መልስ ስፈልግ የሁለት ሰዎች ልጅነት ፊቴ ይቆማል። አንዱ የባሕር ማዶ ሰው ነው፤ ሌላው የእኛው ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ።

ከባሕር ማዶው ልጀምር። ጆን ሐንኮክ በ1737 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት በማሳቹሴትስ፣ ብሬንትሪ በምትባል መንደር ከአንድ ቄስ ተወለደ። አያቱም ቄስ ነበሩ። ሰባት ዓመት ሲሆነው አባቱ ሞተ። ቦስተን ከተማ ልጅ ያልወለደ ባለጸጋ አጎት ነበረው፤ ቶማስ ሐንኮክ ይባላል። መጻሕፍት በመጠረዝና በመሸጥ ጀምሮ፣ ከለንደን ዕቃ እያስመጣ፣ የዓሣ ነባሪ ዘይት እየላከ፣ እንግሊዝ ከፈረንሳይ ጋር በተዋጋች ቁጥር ለጦሩ ስንቅ እያቀረበ የከበረ ሰው ነው። ይኸው አጎትና ሚስቱ ሊዲያ ሕፃኑን ወስደው እንደ አብራካቸው ክፋይ አሳደጉት።

ሰንበቴ ላይ ይህን ታሪክ የሚሰማ ሰው ማብራሪያ አይጠይቅም። ጉዲፈቻ የኦሮሞ ወግ ነው፤ የተወሰደ ልጅ ከተወለደ ልጅ አያንስም። አብዛኛው ሕዝብ ሙስሊም በሆነበት በዚህ አካባቢ ደግሞ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) አባታቸው ሳይወለዱ በፊት እንደሞቱባቸው፣ መጀመሪያ በአያታቸው ቀጥሎም በአጎታቸው በአቡ ጣሊብ እጅ እንዳደጉ፣ መልእክቱ ሳይመጣላቸው በፊት ነጋዴ እንደነበሩ የማያውቅ ልጅ የለም። ማወዳደር ነውር ነውና አላወዳድርም። የቲምነትና ንግድ በአንድ ሰው ሕይወት ሲገናኙ ትልቅ ነገር ሊከተል እንደሚችል ለዚህ አካባቢ ሰው አዲስ ወሬ አይደለም ለማለት ያህል ነው።

ሐንኮክ ደህና ትምህርት ተማረ፤ በ1754 በዐሥራ ሰባት ዓመቱ ከሐርቫርድ ተመረቀ። የአባቱንና የአያቱን መንገድ ትቶ ወደ አጎቱ የሒሳብ መዝገብ ገባ። በ1760 የንግዱን ወዳጆች እንዲተዋወቅ ለንደን ተላከ፤ የንጉሥ ጆርጅ 2ኛ ሞትና የልጅ ልጃቸው መንገሥ እዚያ ሳለ ደረሰበት። ያን ጊዜ ለአዲሱ ንጉሥ ጠላት የመሆን ሐሳብ በልቡ አልነበረም። ጥሩ ልብስ የሚወድ፣ ትዕዛዝ አክባሪ፣ የአጎቱ ወራሽ ወጣት ነበር። በ1764 አጎቱ ሲሞት ሐንኮክ ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው። መደብሩን፣ የመርከብ ንግዱን፣ ቦስተንን ቁልቁል የሚያየውን ትልቁን ቤት ወረሰ። በዚያ ቤት ባሮች ነበሩ። ኋላ በአሜሪካ የነፃነት አዋጅ ላይ ከሁሉ ቀድሞ በትልቁ የፈረመው ሰው ልጅነቱን ያሳለፈው ባሪያ እያስተናገደው ነው፤ ይህን ሳይጠቅሱ ታሪኩን መተረክ አንባቢን ማታለል ይሆናል።

ከዚያ ገመዱ መጣ። እንግሊዝ በጦርነት የባከነ ገንዘቧን ከቅኝ ግዛቶቿ ልትሰበስብ በ1765 የቴምብር ግብር ጣለች፤ የጉምሩክ ቁጥጥሯንም አጠበቀች። በሰኔ 1768 የቀረጥ ሹሞች ሊበርቲ የተባለች የሐንኮክን መርከብ ያዙ፤ እሱንም ቀረጥ ያልተከፈለበት የማዴራ ወይን አራግፈሃል ብለው ከሰሱት። የቦስተን ሕዝብ ተነሥቶ ሹሞቹን አሳደደ። ለሐንኮክ ጥብቅና የቆመው ኋላ ሁለተኛው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆነው ጆን አዳምስ ነበር። ክርክሩ ወራት ከፈጀ በኋላ በ1769 የንጉሡ ወገን ራሱ ክሱን ተወው። መርከቧ ግን አልተመለሰችም፤ ወርሰው የቀረጥ ጠባቂ አደረጓት፣ በዚያው ዓመት ሮድ አይላንድ ላይ ሕዝብ አቃጠላት።

ታሪክ ጸሐፊዎች «ሐንኮክን ያስነሣው ነፃነት ነው ወይስ የወይን ቀረጥ?» እያሉ ይከራከራሉ። አጎቱም በኮንትሮባንድ አይታማም አይባልም። በእኔ ግምት ጥያቄው የሚመስለውን ያህል ከባድ አይደለም። ጥቅሙ ተነክቶ ያልተነሣ ነጋዴ የት አለ? ልዩነቱ ያለው ከተነሣ በኋላ በሚናገረው ነገር ላይ ነው። ሐንኮክ «የእኔን መርከብ ልቀቁ» ብሎ ቢያበቃ ኖሮ ታሪክ ስሙን ባላስታወሰ። «ያልመከርንበትን ቀረጥ አንከፍልም» ሲል ግን የወደብ ጫኙም፣ ዓሣ አጥማጁም፣ ጠራዡም የራሱን ነገር ሰማ። የግል ቅሬታ የብዙዎች ቅሬታ ሆኖ የሚነገርበትን አንደበት ማግኘት፣ ፖለቲካ ከምንለው ነገር ግማሹ ይኸው ነው።

ግን ይህን አንደበት ለማግኘት ሐንኮክ አንድ ነገር ነበረው፦ የማይነቀል ውርስ። ከአጎቱ የወረሰውን ሀብት ንጉሡ ተቆጥቶ በአንድ ቃል ሊወስድበት አይችልም። መርከብ ለመውረስ እንኳ ፍርድ ቤት መሄድ ነበረበት። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ በሚባልበት አገር ያደገ ሰው ይህን ሲያነብ ያስገርመዋል። ንጉሥ ራሱ ከሳሽ ሆኖ ቀርቦ ማስረጃ አጥቶ የሚመለስበት አገር! ሐንኮክ ደፋር የሆነው ከእኛ አባቶች ይልቅ ልበ ሙሉ ሆኖ ስለተፈጠረ አይመስለኝም። እኛ ዘንድ ጀግና ጠፍቶ አያውቅም።

እኛ ዘንድ የነበረውን ለማየት ከሰንበቴ ርቆ መሄድ አያሻም፤ ይህ ምድር የጥንቱ ይፋት ደጃፍ ነው። በዐሥራ ሦስተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የተነሡት የወላስማ ሱልጣኖች ኃይላቸው ከዘይላ ወደ መሐል አገር የሚወጣው የንግድ መንገድ ነበር። ከዐፄ ዓምደ ጽዮን ጋር ያጋጫቸው ነገር ብዙ ቢሆንም የንጉሡ ነጋዴዎች ዕቃ መያዝ ከዋናዎቹ አንዱ ነው። በ1332 እ.ኤ.አ. የተዋጋው የይፋቱ ሱልጣን ሰብረዲን የንጉሡን ከተማ ይዤ ጫት እተክልበታለሁ ብሎ እንደፎከረ የንጉሡ ዜና መዋዕል ጸሐፊ ያትታል። (ጸሐፊው ለማስቆጣት ብሎ የመዘገበው ነገር ዛሬ ሲነበብ ፈገግ ያሰኛል።) ያ ጦርነት የነጋዴ መንግሥትና የአራሽ መንግሥት ጦርነት ነበር ብል ብዙ አልተሳሳትሁም።

አምስት መቶ ዓመት እንለፍ። በሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን የሲራራ ነጋዴው መውጫ ዓሊዩ አምባ ነበረች፤ ጨውና ጨርቅ ይገባል፣ ቡናና የዝሆን ጥርስ ይወጣል፣ በአቅራቢያው በአብዱል ረሱል ገበያ ደግሞ ሰው ይሸጣል። የይፋትን በር የሚጠብቀው፣ የጎንቾን ወህኒም ጨምሮ የያዘው ወላስማ መሐመድ ይባል ነበር። የዘሩን ስም ልብ በሉ። አባቶቹ ስለ ንግድ መንገዱ ከንጉሥ የተዋጉለት ቤት ልጅ አሁን ያንኑ መንገድ ለንጉሥ ይጠብቃል። መንግሥታችን ከመንገድ ላይ ኃይል ሲነሣበት አንዳንዴ በጦር ሰብሮታል፤ ብዙ ጊዜ ግን ገመዱን አስይዞ አስገብቶታል። ይህ ሁለተኛው ዘዴ ከመጀመሪያው ይልቅ አስተማማኝ ሆኖ ተገኝቷል።

የነጋድራስነት ሹመት የተደላደለውም በዚሁ ልማድ ላይ ነው። ነጋድራስ የነጋዴዎች አለቃ ነው፤ ሲራራውን ይመራል፣ ያስታርቃል፣ ስለ ነጋዴው ከሹማምንት ይነጋገራል። ቀረጡን የሚሰበስበውም እሱ ነው። በአንድ ራስ ላይ የነጋዴው ጠበቃና የንጉሡ ቀራጭ ተቀምጠዋል። እንዲህ ያለ ሰው በማን ላይ ያምፃል? ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ የአዲስ አበባው ነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ ወልደ ሚካኤል የንግድና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ። ከገበያ እስከ ቤተ መንግሥት የሚያደርሰው መሰላል እንግዲህ አለ፤ ቦስተን ላይ ከነበረው የሰፋ ነው ብንል እንኳ ያስኬዳል። ግን መሰላሉን ያቆመው ንጉሡ ነው፤ ሲፈልግም ያነሣዋል። ልጅ ኢያሱ ከወደቁ በኋላ የኃይለ ጊዮርጊስ ክብር ብዙ አልቆየም።

አሁን ወደ ገብረ ሕይወት። በ1878 ዓ.ም. ዓድዋ አጠገብ ማይ ምሻም ተወለደ። አባቱ ከዐፄ ዮሐንስ ጋር መተማ ላይ እንደወደቀ የሕይወት ታሪኩን የጻፉ ሰዎች ይናገራሉ። ክፉ ቀን የተባለው ረሀብ ትግራይን ሲያራቁት ልጁ ከተሰደዱት ጋር ተሰዶ ምጽዋ አጠገብ ምንኩሉ የነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባ። ከዚያ በኋላ ያለው ተረት ይመስላል። ከጓደኞቹ ጋር ምጽዋ ወደብ የቆመች መርከብ ለማየት ወጥቶ ሳይወርድ ቀረ፤ መርከቧ ይዛው ሄደች። ካፒቴኑ ለአንድ ኦስትሪያዊ ባለጸጋ ሰጠው፤ ሰውየውም እንደ ልጁ አሳድጎ አስተማረው።

ሁለቱም ልጆች አባት አጥተዋል፤ ሁለቱንም ባለጸጋ ቤት አሳድጓቸዋል፤ ሁለቱንም ወደብ ለውጧቸዋል። እዚህ ላይ ግን መንገዱ ይለያያል። ሐንኮክ የተወሰደው ወደ ገዛ ወገኑ ነው፤ የወረሰውም ገንዘብ እዚያው የተወለደበት አገር ላይ ይሠራል። ገብረ ሕይወት ከኦስትሪያ ይዞ የመጣው ቋንቋና ዐይን ብቻ ነው። ጀርመንኛ ተናጋሪ ሆኖ፣ የአውሮፓን ሀብት ከነምንጩ አይቶ፣ መርከብ ከየት ምን ጭና ወዴት ምን ይዛ እንደምትመለስ አውቆ ተመለሰ። አገር ቤት ሲገባ የሚደገፍበት ርስት፣ የሚከተለው ጦር፣ የሚሟገትለት ማኅበር አልነበረውም። በአስተርጓሚነት ቤተ መንግሥቱን አገለገለ፤ የምድር ባቡሩን ሥራ ተቆጣጠረ፤ ኋላም የድሬዳዋ ነጋድራስ ሆነ። ድሬዳዋ ያን ጊዜ ከባሕር የሚገባው ዕቃ ዋና በር ናት። ገመዱ በእጁ ገባ ማለት ነው።

በዚህ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው እንዲበለጽግ የአገሩ ልማድ ይጠብቅበታል። ገብረ ሕይወት ያደረገው ሌላ ነው፦ ስለ ገመዱ ጻፈ። «ዐፄ ምኒልክና ኢትዮጵያ» በ1912 እ.ኤ.አ. አሥመራ ታትሞ ነበር፤ ሁለተኛውና ትልቁ ሥራው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ነው። የሀብት ምንጩ የሰው ድካም መሆኑን፣ ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ድካሙን በርካሽ ሸጦ የሌላውን ድካም በውድ እንደሚገዛ፣ ባቡር ብቻውን ሀብት እንደማያመጣ፣ እንዲያውም ጥሬ ሀብታችንን አፍጥኖ ሊያወጣው እንደሚችል አስረዳ። ቀረጡ አንድ ሥርዓት እንዲይዝ፣ ግብሩ የታወቀ ልክ እንዲኖረው፣ የመንግሥት ገንዘብ ከንጉሡ ቤት ገንዘብ እንዲለይ ጠየቀ። ዛሬ ስናነበው የተለመደ ነገር ይመስለናል፤ በዚያ ዘመን ግን የቀረጥ ሹም የቀረጥ ልማድን ሲነቅፍ መስማት ምን ያህል እንግዳ እንደነበረ መገመት ይቻላል።

ሐንኮክ ቀረጥ ከፋይ ሆኖ ቀረጡን ተቃወመ። ይህ ታላቅ ነው፤ ነገር ግን ተፈጥሯዊም ነው። ገብረ ሕይወት ቀረጥ ተቀባይ ሆኖ የቀረጡን ሥርዓት መረመረ። ይህ በእኔ ሚዛን የበለጠ ይከብዳል፤ ገመዱ እሱን አልጎዳውማ። የራሱ ወይን አልተያዘበትም፤ የራሱ መርከብ አልተወረሰችበትም። ያየው የሌላውን ሰው ጭነት ነው።

ሆኖም ሐሳብ ብቻውን ገመድ አይበጥስም። ሐንኮክ ሲናገር ከኋላው ጫኝና አውራጅ፣ የወደብ ሠራተኛ፣ ሌሎች ነጋዴዎች፣ ጋዜጣ፣ የከተማ ስብሰባ ነበሩ። ገብረ ሕይወት ሲጽፍ ከኋላው ማን ነበር? በጣት የሚቆጠሩ ፊደል የቆጠሩ ወጣቶች። ነጋዴው ሊሰማው አልቻለም፤ አብዛኛው ሙስሊም ሲራራ ነጋዴ ከቤተ መንግሥቱ ወግ ውጭ የተቀመጠ ነበርና። ርስት አይተከልለትም፣ ሹመት ከነጋድራስነት አያልፍም፣ መኳንንቱ ጦርንና እርሻን እንጂ ንግድን እንደ ክብር አያዩትም። የሚያዋጣው ነገር ያለው ሰው አንደበት የለውም፤ አንደበት ያለው ሰው የሚያዋጣው ነገር የለውም። የቦስተን ዕድል ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ መገናኘታቸው ነው፤ የእኛ ጉድለት ሳይገናኙ መቅረታቸው ነው።

ዕድሜውም ነገር አለ። ገብረ ሕይወት በ1911 ዓ.ም. ሲሞት ገና ሠላሳ ሦስት ዓመት እንኳ አልሞላውም። ሐንኮክ በዚያ ዕድሜው ምን ነበር? 1770 እ.ኤ.አ. ላይ ነን፤ የአንዲት ከተማ ባለጸጋ፣ የአንዲት ቅኝ ግዛት ምክር ቤት አባል። የቅኝ ግዛቶቹ ኮንግረስ ፕሬዚዳንት ለመሆን አምስት ዓመት፣ የነፃነት አዋጁን ለመፈረም ስድስት ዓመት፣ የማሳቹሴትስ ገዥ ለመሆን ዐሥር ዓመት ይቀረዋል። በዚያ ዓመት ቢሞት ኖሮ ዛሬ ስሙን የሚያውቀው የቦስተን ታሪክ አጥኚ ብቻ ነበር። ስለዚህ የገብረ ሕይወትን ሕይወት ስንመዝን ሙሉ ሕይወት እንደመዘንን ማሰብ የለብንም። ለሐንኮክ መግቢያ የሆነው ዘመን ለእሱ ሁሉም ነበር።

የእኛ አብዮት ሲመጣ በሌላ በር መጣ። በየካቲት 1966 ዓ.ም. የቤንዚን ዋጋ ሲጨምር የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ፤ መምህራንና ተማሪዎች ተከተሉ፤ ወታደሩ ደመደመው። በ1967 ባንኩ፣ ፋብሪካው፣ መሬቱ፣ ትርፍ ቤቱ ሁሉ የመንግሥት ሆነ። ነጋዴው አሻጥረኛ ተባለ። አብዮቱን ካነሣሱት መካከል በታክሲው መሪ ላይ የተቀመጠ ሰው ነበር፤ አብዮቱ ሲደላደል ግን ገመዱን እንደገና ወታደር ያዘው። ወደ ከተማ የሚገባ እህል እንኳ በኬላ የሚፈተሽበት ዘመን ሆነ። ገብረ ሕይወት ያን ቢያይ ምን ይል እንደነበር መገመት አይከብድም፤ አልገምትለትም ግን።

ሰንበቴ ዛሬ ያው መንገድ ላይ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚያልፈው ዋና መንገድ በላይዋ ነው የሚሄደው። በ2013 ዓ.ም. አካባቢው በግጭት ሲታመስ መንገዱ ተዘግቶ ነበር፤ ቀጥሎም የሰሜኑ ጦርነት እዚሁ አካባቢ ደረሰ። መንገድ ሲዘጋ መጀመሪያ የሚጎዳው ማን እንደሆነ ለማወቅ ምሁር መሆን አያስፈልግም፦ ፍየሏን ሸጣ ማሽላ ልትገዛ የወጣች ሴት ናት። መንገዱ ሲከፈትም በየቦታው ገመድ ይወጠራል። ሕጋዊው ከሕገወጡ ጋር ተቀላቅሎ፣ አንዱ ደረሰኝ ሰጥቶ ሌላው ሳይሰጥ፣ ሹፌሩ ከፍሎ ያልፋል፤ የከፈለውን በሽንኩርቱና በዘይቱ ዋጋ ላይ ይጨምራል። በስተመጨረሻ ቀረጡን የሚከፍለው ኬላው የት እንደሆነ እንኳ የማያውቅ ሸማች ነው።

ከዚህ ገበያ ሐንኮክ እንዲወጣ አልመኝም። ሐንኮክ ጦርነት ያስፈልገው ነበር፤ ይህ አካባቢ ጦርነት በቂውን አይቷል። የምመኘው ትንሽ ነገር ነው፦ ነጋዴው ቅሬታውን የራሱ ብቻ አድርጎ ሳይሆን የሸማቹም፣ የአርብቶ አደሩም፣ የደጋው ገበሬም አድርጎ እንዲናገር። አራቱም እሑድ እሑድ እዚሁ ይገናኛሉ፤ ሌላ አዳራሽ መከራየት አያሻቸውም።

ስለዚህ ገመድ አንሱልን ብላችሁ ማመልከቻ ለመጻፍ የምትቀመጡ የሰንበቴና የከሚሴ ነጋዴዎች፣ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር»ን አንብባችሁ ጀምሩ። የጻፈው ሸፍቶ ጫካ የገባ ሰው ስላልሆነ የትኛውም ቢሮ አመፅ ነው ብሎ ሊመልስባችሁ አይችልም፤ የቀረጥ ሹም ነው የጻፈው። መጽሐፉ የታተመው በ1916 ዓ.ም. ነው፤ ደራሲው ከሞተ አምስት ዓመት አልፎት ነበር።